ፋይፍ ውስጥ ከልጆች ጋር የት እንሂድ?

ጥያቄ

ሰላም ወገኖቼ። በቅርቡ ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቻችን ጋር ስኮትላንድ፣ ፋይፍ፣ ከርኮዲ ከተማ ገብተናል። ትልቁ 12 ዓመቱ ነው፤ ትንሿ ገና በጋሪ ነው የምትሄደው። መኪና የለንም። ቅዳሜና እሑድ ልጆቹ ስልክ ላይ አቀርቅረው ይውላሉ። ታሪክ ያለበት፣ ኪስ የማይጎዳ ቦታ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ሰው ሁሉ ኤዲንብራ ሂዱ ይለናል።

መልስ

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ኤዲንብራ የትም አይሄድም፣ ትደርሱበታላችሁ። አሁን ያላችሁበት ፋይፍ ራሱ በሦስት በኩል ውኃ የከበበው፣ ዳር ዳሩን በድሮ ወደቦችና በግንቦች የተሞላ አካባቢ ነው። ልጆቼን ያሳደግኩት እነዚህን ቦታዎች እያዞርኩ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከሁሉ በፊት የአውቶቡስ ካርድ። ስኮትላንድ ውስጥ የሚኖሩ ከ5 እስከ 21 ዓመት ያሉ ልጆችና ወጣቶች ከ2022 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አውቶቡስ በነፃ ይሳፈራሉ። ከ5 በታች ያሉት ድሮም አይከፍሉም። ነገር ግን ካርዱ ካልወጣ ሾፌሩ ያስከፍላል። ካርዱን ካወጣሽ የምትከፍሉት አንቺና ባለቤትሽ ብቻ ናችሁ። ለቤተሰብ ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

አንድ ቦታ ብቻ ምረጪ ብትዪኝ ሴንት አንድሩስን እመርጣለሁ። ሰው ስለ ጎልፉ ብቻ ያወራል። እኔ ግን መጀመሪያ ወደ ካቴድራሉ ፍርስራሽ ነው የምልክሽ። ከተማዋ የተሰየመችው በሐዋርያው በቅዱስ እንድርያስ ነው። እኛ ታኅሣሥ 4 እናስበዋለን፤ እነሱ ኖቬምበር 30 ያከብሩታል። በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር ሁለቱ አንድ ቀን ናቸው። ቅዱስ ሩል የሚባል መነኩሴ የሐዋርያውን አፅም በመርከብ ይዞ እዚህ ዳርቻ ደረሰ ተብሎ ይተረካል። ይህን አምኖ ስንቱ ተሳላሚ ባሕር ተሻግሮ መጥቷል።

ካቴድራሉ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ተጀምሮ በ1318 ንጉሥ ሮበርት ብሩስ በተገኙበት ተባረከ። ርዝመቱ 119 ሜትር ያህል ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ ከዚያ የሚበልጥ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ አያውቅም። በ1559 በፕሮቴስታንት ተሐድሶ ጊዜ ሕዝቡ ገብቶ ሥዕሉንና ጌጡን ሰባበረው። ከዚያ ወዲያ ባዶውን ቀረ፤ ድንጋዩንም የከተማው ሰው እየወሰደ ቤቱን ሠራበት። ዛሬ በምሥራቅ በኩል ሁለት ማማ ያለው ግድግዳ ብቻውን ሰማዩ ላይ ቆሟል። አጠገቡ ከካቴድራሉ የሚቀድመው የቅዱስ ሩል ማማ አለ፤ ቁመቱ 33 ሜትር ነው። ወደ ግቢው መግባት በነፃ ነው። ዙሪያው መቃብር ስለሆነ ልጆቹ ድንጋዩ ላይ እንዳይወጡ ንገሪያቸው። እኔ እዚያ ስገባ ነጠላዬን ከቦርሳ አውጥቼ እለብሳለሁ። ጣራ ባይኖረውም ለዘመናት የተጸለየበት ቦታ ነው።

ከዚያ በእግር ትንሽ ሄዳችሁ ባሕሩ አፋፍ ላይ ያለውን ግንብ ታገኛላችሁ። እዚህ ይከፈላል፤ ለ12 ዓመቱ ልጅሽ ስትዪ ግን ክፈዪ። በ1546 ግንቡ ውስጥ ይኖር የነበረው ካርዲናል ቢተን፣ ጆርጅ ዊሻርት የተባለ ሰባኪ በእሳት እንዲቃጠል አደረገ። ወራት ሳይቆይ የሰባኪው ወገኖች ግንበኛ መስለው ገቡና ካርዲናሉን ገደሉት፤ ግንቡንም ያዙት። የመንግሥት ጦር ከበባቸው። ዐለቱን ከሥር ፈልፍሎ ግንቡን ሊንደው ዋሻ መቆፈር ጀመረ። ውስጥ ያሉት ደግሞ የቁፋሮውን ድምፅ እያዳመጡ ከእነሱ በኩል ቆፈሩ። መጀመሪያ አቅጣጫውን ሳቱት፤ በኋላ ግን ከጠላት ዋሻ ጋር ገጠሙ። ሁለቱም ዋሻዎች ዛሬም አሉ፤ ይገባባቸዋል። የተከበቡት ሰዎች የቆፈሩት ጠባብና ጠማማ ነው፤ ጎንበስ ብለሽ፣ ግድግዳውን በእጅሽ እየዳሰስሽ ነው የምትወርጂው። ድንጋዩ ይረጥባል፣ የሚያንሸራትት ጫማ አታድርጉ። የአጥቂዎቹ በኩል ሰፊ ነው፤ ቀና ብሎ ያስኬዳል። ልጄ በቸኮለ እጅ የተቆፈረውንና ተረጋግቶ የተቆፈረውን ሳልነግረው ነው የለየው። ጋሪው እዚያ ስለማይገባ አንዳችሁ ከትንሿ ጋር ውጪ ጠብቁ።

ሴንት አንድሩስ የባቡር ጣቢያ የላትም። ባቡሩ ሉካርስ ላይ ያወርድሽና በአውቶቡስ ትቀጥያለሽ። ከከርኮዲ ግን ቀጥታ አውቶቡስ ስላለ ባቡሩን ተዪው።

ሁለተኛው ምርጫዬ ደንፈርምሊን ነው። ሮበርት ብሩስ በ1329 የተቀበሩት እዚያ ገዳም ውስጥ ነው። እኔን የሚስበኝ ግን አንድሩ ካርኔጊ በ1835 የተወለደባት ትንሽ ቤት ናት። አባቱ ሸማኔ ነበር። ምድር ቤቱ የሸማ እቃ የቆመበት፣ ላዩ ቤተሰቡ የሚኖርበት። በእንፋሎት የሚሠራ ማሽን መጥቶ የእጅ ሥራውን ሲገድለው፣ በ1848 ተበድረው ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ልጁ እዚያ በብረት ሥራ ከዓለም ባለጠጎች አንዱ ሆነ። በስሙ ካሠራቸው ቤተ መጻሕፍት የመጀመሪያው በ1883 የተከፈተው እዚያው ደንፈርምሊን ውስጥ ነው። ቤቷ ዛሬ ሙዚየም ናት፤ በነፃ ይገባል። ድርና ማግ፣ መወርወሪያ ያየ ሐበሻ ልጅ እዚያ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ከዚያ ወጥታችሁ ፒተንክሪፍ ፓርክ ግቡ። ካርኔጊ ልጅ እያለ ቦታው የባለርስት ነበር፤ የእነሱ ቤተሰብ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። ካደገ በኋላ በ1902 ርስቱን ገዛና ለከተማው ሕዝብ ሰጠው። ጣዎስ በግቢው ይንሸራሸራል፣ ለትንሿም ሰፊ ሜዳ አለ። ይህን ታሪክ ለልጆችሽ እዚያው ቆመሽ ንገሪያቸው። ስደተኛ ልጅ ሊሰማው የሚገባ ታሪክ ነው።

በምሥራቅ ዳርቻ ክሬይል፣ አንስትረዘር፣ ፒተንዊም፣ ሴንት ሞናንስ የሚባሉ የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ተደርድረዋል። ሁሉም ያምራሉ፤ በአንድ ቀን ሁሉንም ለማየት አትሞክሩ። አንስትረዘር በቂ ነው። የስኮትላንድ የዓሣ ማጥመድ ሙዚየም ወደቡ ላይ ነው፤ ከዚያው ወደብ ወደ ሜይ ደሴት ጀልባ ይነሳል። ፓፊን የሚባለው ምንቃሩ ቀይ ወፍ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ በደሴቱ መሬት ጉድጓድ ውስጥ ይፈለፍላል። ጀልባው ውድ ነው፤ አስቀድማችሁ አጠራቅማችሁ ሂዱ።

የጾም ነገር ካነሳን፦ በዚህ አካባቢ ብዙ የድንችና የዓሣ መጥበሻ ቤቶች የሚጠብሱት በበሬ ሞራ ነው። ድንቹ ብቻውን ነው ብለሽ በረቡዕ እንዳትበዪ። በምን ዘይት እንደሚጠብሱ ጠይቂ፤ ለሙስሊም ወንድምና እህቶቻችንም ይሄው ነው። እኔ ስንቅ ይዤ ነው የምወጣው። ፍርፍር በእቃ፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ ለልጆቹ ዳቦ።

ተጨማሪ አስተያየት

ልጄ፣ ጥሩ አድርገሽ ጻፍሽ። እኔ ደግሞ ከፋይፍ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ነገር ልጨምር። በ1770 ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስ የዚህ አገር ሰው ነው፤ መቃብሩ ላርበርት በሚባል ከተማ፣ በአሮጌው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። ከብረት የተሠራ ሐውልት ቆሞለታል። በግእዝ የተጻፈውን መጽሐፈ ሄኖክ ወደ አውሮፓ ያመጣው እሱ ነው። ልጆቻችን የአባይን ምንጭ ፈረንጅ አገኘው ሲባል እንዳይደናገሩ፣ ግሼ ዓባይን ያገሬው ሰው ከጥንት እንደሚያውቀውና መርተውም ያሳዩት እነሱ እንደሆኑ አብራችሁ ንገሯቸው።

ኤዲንብራ ስትሄዱም ፕሪንሰስ ስትሪት ጫፍ ያለውን የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን እዩ። ከመቅደላ የተዘረፈ አንድ ታቦት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ተገኘ። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ ፈቅዶ በ2002 ወደ አገሩ መለሰው። አዲስ አበባ ላይ ሕዝቡ በዕልልታ ተቀበለው። በበጎ ፈቃድ የተመለሰ ነገር መኖሩን ልጆቻችን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ጋሼ እርስዎም። ለልጆቹ ስለ ዋሻው ነገርኳቸው፣ ትልቁ ዛሬውኑ እንሂድ እያለ ነው። አሁን ኦክቶበር ስለሆነ ቀዝቅዞ ይሆን? ወይስ ለበጋ እናቆየው?

መልስ

አታቆዪው። እዚህ አገር ጥሩ አየር የሚጠብቅ ሰው ከቤት አይወጣም። በጋም ቢሆን ከባሕሩ ድንገት ጭጋግ ይመጣና ጁላይ ላይ ጃኬት ያስለብሳል። በክረምት አንዳንድ ቦታ ቀደም ብሎ ይዘጋል፤ ከመነሳትሽ በፊት ድረ ገጹን እይ። ዲሴምበር ላይ በዚህ አገር ሰዓት 4 ሳይሞላ ይጨልማል፤ ስለዚህ ጠዋት ውጡ። ባሕር ዳር ስትሄዱ ውኃው የሚሞላበትን ሰዓት አረጋግጪ፤ ኢሊ በምትባል የባሕር ዳር መንደር አካባቢ በሰንሰለት የሚወጣበት የዐለት መንገድ አለ፣ እሱን ለትንንሽ ልጆች አታስቢው። አንድ ነገር ከተፈጠረ 999 ደውለሽ ኮስትጋርድ በዪ።

ዝናብ ከሆነ ደግሞ ከባቡር ጣቢያችሁ አጠገብ የከርኮዲ ጋለሪ አለ። በነፃ ነው፣ ይሞቃል፣ ቤተ መጻሕፍትም አለው። ለሴንት አንድሩሱ የሁለቱን ትልልቅ ልጆች ካርድ አሁኑኑ አስወጪ። ማመልከቻው በኢንተርኔት ይሞላል፤ ከከበደሽ ትምህርት ቤታቸውን ጠይቂ፣ ወይ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና አብረን እንሞላዋለን።