ጥቆማ፦ ድሬ ላይ ለወፈረ ድመት ምግብ ከየት ትገዛላችሁ?

የቱጃር እናት፦ ሰላም የድሬ ሰዎች። ቱጃር የሚባል ወንድ ድመት አለኝ። ከተኮላሸ ወዲህ ሥራው መብላትና መተኛት ሆኗል፤ 7 ኪሎ ገብቷል። በዚህ ሙቀት ሲያለከልክ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል። ከዚራ ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን የታሸገ ደረቅ ምግብ ልግዛለት፣ ቀፊራ ከሥጋ ቤት ልብና ሳንባ ላምጣለት ወይስ ቤት ዶሮ ልቀቅልለት? ሞክሮ ያየ ይንገረኝ። ድመት የሚያይ ሐኪም የምታውቁም ጠቁሙኝ።

የሳቢያን ልጅ፦ ከታሸገው ራቂ! እኔ ከአንድ ሱቅ በላስቲክ ተመዝኖ የታሰረ ገዛሁ። ቀን የለው፣ ስም የለው። ቤት ገብቼ ስፈታው ነቀዝ ይርመሰመስበታል። ልመልስ ብሄድ ሰውዬው "ድመትሽ ናት ያመላት" አለኝ። ነቀዙን ዓይኑ ሥር ይዤለት!

ባቡር ጣቢያ፦ የቱ ሱቅ ነው?

የሳቢያን ልጅ፦ ስም አልጠራም።

ባቡር ጣቢያ፦ ኧረ ፍንጭ ስጪን። አሸዋ ገበያ ነው?

የሳቢያን ልጅ፦ አልጠራም አልኩ እኮ።

ቀፊራ አንደኛ፦ ምን አደከማችሁ? ቀፊራ የኔ ሥጋ ቆራጭ ጋ ሂዱ። አባቴም ከሱ አባት ነበር የሚገዛው። ለድመት ነው ካላችሁት ቁርጥራጩን በነጻ ይመርቅላችኋል።

የቱጃር እናት፦ ጮማ ይበዛበታል?

ቀፊራ አንደኛ፦ ጮማ ከሌለውማ ምኑን ሥጋ ሆነ! የኔዋ ከሱ እየበላች 9 ኪሎ ገብታለች፣ ማሻአላህ።

ሸዋ በር፦ እኛ ሐረር ማታ ማታ ጅብ ይቀለባል፤ ክብደቱን የጠየቀ ሰው የለም። ሰው ሥጋ ባማረው ዘመን ለድመት ዳይት! ረቡዕና ዓርብ አጹሚው፣ ሸንቀጥ ይላል።

ነጭ ጋዋን፦ ቀልድ መሆኑ ገብቶኛል፤ ግን ማንም እንዳይሞክረው። ወፍራም ድመት ለጥቂት ቀን ምግብ ካቆመ የሰውነቱ ስብ ጉበቱ ላይ ይከማችና ሊገድለው ይችላል። መቀነስ ያለበት ቀስ እያለ ነው፤ በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ። ለቱጃር ከ70 እስከ 140 ግራም መሆኑ ነው።

ደረቁን ምግብ ከመረጥሽ፣ ፋብሪካ ያሸገውንና ቀኑ የሚነበበውን ግዢ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሳህኑን ሞልተን ቀኑን ሙሉ ስለምንተወው ነው። የ5 ኪሎ ድመት በቀን ከ60 ግራም ብዙም አያልፍም። ሰፍረሽ ጠዋትና ማታ ስጪው። ሥጋ ካልሽ ልብ ጥሩ ነው፤ ታውሪን የሚባል ለድመት የግድ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር አለው። እሱ ሲጎድላቸው ዓይናቸውና ልባቸው ይጎዳል። ሲቀቀል ታውሪኑ ወደ መረቁ ስለሚወርድ መረቁን አትድፊው። ጉበት በየቀኑ አይሆንም፤ ቫይታሚን ኤ ይበዛና አጥንታቸውን ያበላሻል። የዶሮ ሥጋ ብቻውን ለወራት ከሆነም ካልሲየም ያጥረዋል። ሽንኩርት የነካው ነገር ደግሞ ጭራሽ አይቅመስ።

ገንደ ቆሬ፦ የግመል ሥጋስ? ስብ የለውም። ወተቱስ?

ነጭ ጋዋን፦ ሥጋው ይሆናል፣ ሻኛው ይቅርበት። ወተት ግን የግመልም ሆነ የላም ብዙ ያደጉ ድመቶች አይፈጩትም፤ ያስቀምጣቸዋል።

ገንደ ቆሬ፦ ለራሴ ነበር የጠየቅኩት።

ደንገጎ፦ እህቴ፣ ስለ ሐኪም ለጠየቅሽው፦ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። መጀመሪያ ድመት ይቀበሉ እንደሆነ አጣሪ። እኔ እዚሁ አንድ ቦታ ወስጄ ሐኪሙ የለመደው ፍየል ነበርና ድመቴን ሲያይ ከሷ ብሶ ደነገጠ። ከሄድሽ ገና ሳይሞቅ ተነሺ፣ የምትወስጂበትን ካርቶንም ብሺው፣ አየር ይግባው። ክብደቱን ለመከታተል ደግሞ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ አይደል? አቅፈሽው ተመዘኚ፣ ከዚያ ብቻሽን ተመዘኚ፣ ቀንሺ። ያ ሚዛን ግራም ስለማያሳይ በወር አንዴ ይበቃሻል። ጎኑንም ዳብሺው፤ ጎድን አጥንቱ እጅሽ ላይ ከመጣ እየቀነሰ ነው።

ቀፊራ አንደኛ፦ የኔ ሥጋ ቆራጭም ሚዛን አለው። ትክክለኛ ሚዛን!

ሸዋ በር፦ ድመቱን ሚዛኑ ላይ ሲያዩት ደንበኞቹ "ኪሎው ስንት ነው" እንዳይሉ ብቻ።

የሳቢያን ልጅ፦ ነቀዙን ፎቶ አንስቼዋለሁ። የሚፈልግ በውስጥ ያናግረኝ።

የቱጃር እናት፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሚዛን ጋ ይዤው ሄጄ ነበር። ልጁ "ሁለት ናችሁ" ብሎ እጥፍ አስከፈለኝ።

ደንገጎ፦ ሃሃሃ። ምግቡንስ? የቱን ያዝሽ በመጨረሻ?

ባቡር ጣቢያ፦ ሱቁ ግን አሸዋ ነው አይደል?