ለገና የእጅ ሥራችንን በየቤታችን ከፍተን ማሳየትና መሸጥ አስበናል፤ እንዴት ብናደርገው ይሻላል? (ደሴ)

ጥያቄ፦ ሰፌድ ሰፊዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ውስጥ የእጅ ሥራ የምንሠራ ጥቂት ሰዎች ነን። ሁለት ሸማኔዎች፣ አንዲት ሸክላ ሠሪ፣ አንድ ቆዳ የሚሠራ ልጅና አንድ ሰዓሊ አሉ። እኔ ሞሰብና ሰፌድ እሰፋለሁ። እስካሁን ዕቃችንን ነጋዴ ይረከበንና ሰኞ ገበያ ወስዶ ይሸጠዋል። የሠራው ሰውና የገዛው ሰው አይተያዩም። ዘንድሮ ግን ገዢው ራሱ ወደምንሠራበት ቤት እንዲመጣ፣ ስንሠራ እንዲያይ፣ ከወደደም እንዲገዛ እንፈልጋለን።

ሸማኔዎቹና እኔ ሆጤ አካባቢ ነን። ሰዓሊውና ባለ ቆዳው ፒያሳ፣ ሸክላ ሠሪዋ ደግሞ ገራዶ በኩል ናቸው። አንድ ቦታ እንሰብሰብ ወይስ እያንዳንዳችን ቤታችንን እንክፈት? የትኛው ቀን ይሻላል? ዋጋውስ? «ቀንሺልኝ» የማይል ሰው የለም።

መልስ፦ የሸማኔ ልጅ

እህቴ፣ ሌላውን እንዳሻችሁ አድርጉት፤ ሸማኔዎቹን ግን ከሽመና ጉድጓዳቸው እንዳታስነሷቸው። ድሩ አንዴ ከተዘረጋ በኋላ ነቅሎ ሌላ ቦታ መትከል ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ክሩም ይላላል፣ ይበጠሳል።

ደግሞ ሰው መምጣት ያለበት ያንን ለማየት ነው። አባቴ ሸማኔ ነው። እግሩ መርገጫውን ሲረግጠው ድሩ ላይና ታች ይከፈላል፣ መወርወሪያዋ በመሀል ታልፋለች፣ ማጉን ጠበቅ አድርጎ ይመታዋል። ጥለት የሌለው ሜዳው ላይ እጁ ፈጣን ነው። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን ክሩን በጣቱ እየቆጠረ ያነሳል፣ ባለቀለሙን ክር አንድ በአንድ ያስገባል። ጣት የምታህል ጥለት ግማሽ ቀን ልትበላ ትችላለች። ይህን ቆሞ ያየ ሰው ስለ ዋጋ ሲናገር አነጋገሩ ሌላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በእጅ ፈትል የተሠራ ጋቢና በፋብሪካ ክር የተሠራ ጋቢ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሰው በእጁ ይዳስሳቸው። የትኛው ምን እንደሆነ ጽፋችሁ ለጥፉበት። ሁለቱም ገዢ አላቸው፤ ፈትል ነው ብሎ የፋብሪካውን መሸጥ ግን ስማችሁን ያጠፋል።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ

እኔ ሁላችሁም በየቤታችሁ ክፈቱ በሚለው አልስማማም። ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚኒባስ መጥተን፣ ከዚያ ደግሞ በደሴ ዳገት ቤት ለቤት መዞር ይከብዳል። እናቴን ይዤ ብመጣ ሁለተኛው ቤት ላይ ትቀመጣለች። ሸማኔዎቹ ሆጤ ከሆኑ ሌሎቻችሁ እዚያው አንድ ሰፊ ግቢ ፈልጉና ተሰብሰቡ። ሰፌድም፣ ቆዳም፣ ሥዕልም ተሸክመውት የሚሄዱት ነገር ነው። ከግቢው እስከ ሸማኔዎቹ ቤት አንድ ልጅ ሰው እየመራ ያድርስ።

መልስ፦ ኡሙ ሰዒድ

አብሽሪ እህቴ፣ ማሻአላህ ጥሩ ሐሳብ ነው። ስለ ቀኑ ልንገርሽ። አርብ ጁምዓ አለ፣ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ አለ፣ ሰኞ ከተማው በሙሉ ገበያ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት አድርጉት፣ ከ8 እስከ 11 ሰዓት። በታኅሣሥ የደሴ ብርድ ከመሸ በኋላ ማንንም ውጭ አያስቆምም።

ገና ታኅሣሥ 29 ነው። የመጨረሻው ሳምንት ላይ አታድርጉት፣ ያኔ ሰው ሐሳቡ ዶሮና ቅቤ ላይ ነው። ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም በሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥር የሠርግ ወር ነው። ስለዚህ የትእዛዝ ደብተር ያዙ። ለሙሽራ ቀሚስ፣ ለጥሎሽ ሞሰብ የሚያዝ አይጠፋም። ትእዛዝ ስትቀበሉ ቀብድ ተቀበሉ።

ቡና አፍሉ። ጾም ስለሆነ ወተትና ቅቤ ያለበት ነገር አይቅረብ። ቆሎ ከሆነ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ያለ ጭንቀት ይዘግናል። እኛ ወሎዎች ቡና ላይ ከተቀመጥን ደግሞ ቶሎ አንነሳም፣ ወንበር በዛ አድርጉ።

መልስ፦ ጀበና ወዳድ

ስለ ሸክላ ሠሪዋ፦ ገራዶ ድረስ ሰው አትጠብቁ። ዕቃዋን በጭድ ጠቅጥቃችሁ በባጃጅ አምጡላት፣ ጀበናዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ። መተኮሱን ቤቷ ትጨርስና ግቢው ውስጥ በእርጥብ ጭቃ የጀበና አንገት ስታወጣ ታሳይ። ልጆች ከዚያ አይላቀቁም።

አዲስ ምጣድ እንዴት እንደሚሟሽም ታሳያቸው። ብዙ ወጣት ምጣድ ይገዛና በጎመን ዘር ሳያሟሸው ሊጥ ያፈስበታል። እንጀራው ሲጣበቅበት ምጣዱን ይወቅሳል። ይህን ያስተማረችው ሰው ሁልጊዜ ወደ እሷ ይመለሳል።

ሰፌድ ሰፊዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የኮምቦልቻው ሐሳብ አሳመነን፤ ሆጤ አንድ ዘመዳችን ግቢ ሰጥተውናል። ሸማኔዎቹ ቤታቸው ይቀራሉ። አንደኛው ግን ጥለቱን ሰው ፎቶ አንስቶ እንዳይቀዳበት ሰግቷል። የዋጋው ነገርም ገና አልተፈታም።

መልስ፦ የሒሳብ ሰው

በሩ ላይ «ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት ይጠይቁ» ብላችሁ ለጥፉ። አዲስ የፈጠረውን ጥለት ደግሞ ያን ቀን አያውጣው።

ዋጋን በስሜት አትወስኑ። ለምሳሌ የአንድ ጋቢ ክር 1,200 ብር፣ ጥለቱ 300 ብር ቢሆን፣ አራት ቀን በቀን 400 ሒሳብ ቢሠራ 1,600 ይመጣል። ድምሩ 3,100 ነው። ትርፍና የባጃጅ ወጪ ከዚያ በላይ ነው። ብዙ የእጅ ሥራ ሰው የራሱን ቀን አይቆጥርም። የሚጎዳንም ይሄ ነው። ዋጋውን ዕቃው ላይ ጻፉ፣ ከሥሩ ስንት ቀን እንደፈጀ ጨምሩበት። «ቀንሺልኝ» ለሚል ሰው ቁጥሩን አሳዪው። መቀነስ ካለብሽም ሁለት ለሚገዛ ቀንሺ።

ክፍያ በቴሌብር ሲሆን ገዢው የሚያሳያችሁን ስክሪንሾት አትመኑ። መልእክቱ በራሳችሁ ስልክ ሲገባ ዕቃውን አስረክቡ። ዝርዝር ብርም ያዙ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው ባዶ እጁን እንዳይመለስ።

መልስ፦ የሸማኔ ልጅ

ቀበሌውንም አስቀድማችሁ አሳውቁ፣ በደብዳቤ ቢሆን ይመረጣል። ሰው ሲበዛ ጎረቤትም እንዳይደነግጥ በየቤቱ ዞራችሁ ንገሩ። ጎረቤት የመጀመሪያው ገዢያችሁ ነው።

ሰፌድ ሰፊዋ

አንድ የቀረን ነገር፦ የግቢው ቤት ጭቃ ነው። ሰዓሊው ሥዕሎቹን ለመስቀል ምስማር ቢመታ ግድግዳው ይረግፋል። ምን ያድርግ?

መልስ፦ ኡሙ ሰዒድ

ግድግዳውን አይንካው። ከጣሪያው እንጨት ላይ ገመድ ያውርድና ሸራዎቹን በዚያ ያንጠልጥል። ቡናውን ደግሞ ሌላኛው ጥግ አፍሉት፣ የእጣኑ ጭስ ሥዕሉን እንዳያገኘው።