ድሬ ላይ ካንሰር ጨምሯል ወይስ ወሬው ነው የጨመረው?

የሳቢያኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰፈራችን ከሳቢያን አራት ሰው በካንሰር ታመመ። ሁለቱ አርፈዋል። አንዷ አክስቴ ነች፣ ከጉርሱም መጥታ እኔ ጋ ሆና ነው የምትታከመው። ጎረቤቱ ሁሉ ውሃው ነው ይላል፣ ጀበና ውስጥ የሚጋግረውን ነጭ ነገር ድሬ የኖረ ያውቀዋል። እኔ የምፈልገው ቁጥር ነው። ድሬዳዋ ውስጥ በዓመት ስንት ሰው ይያዛል? ከድሮው ጨምሯል? ጎግል ሳደርግ የማገኘው የመላው ኢትዮጵያን ነው፣ በዓመት 80 ሺህ ገደማ አዲስ ታማሚ ይላል። እሱን ራሱ ማን ቆጠረው? እኛ ቤት መጥቶ የጠየቀ የለም።

አቦ ድሬ፦
አቦ ውሃው ነው፣ ምን ቁጥር ያስፈልጋል። አያቶቻችን መቼ ካንሰር ያውቁ ነበር?

ካርድ ክፍል፦
አያቶቻችንማ "ውስጡን አሞት ሞተ" ነው የተባለላቸው። ባዮፕሲ፣ ማለትም ከሰውነት ናሙና ተወስዶ የሚደረገውን ምርመራ፣ ማን ሠራላቸው? ውሃው ጠጣር ነው፣ የሚጋግረው ኖራ ነው። ጀበና ያበላሻል፣ ካንሰር ማምጣቱ ግን አልተረጋገጠም።

እህቴ፣ ያየሽው 80 ሺህ ቆጠራ አይደለም፣ ግምት ነው። ፈረንሳይ፣ ሊዮን ያለው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ያወጣው ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2022። አገር ሙሉ የሚሸፍን ምዝገባ ስለሌለን እንደ አዲስ አበባው ካለ የከተማ ምዝገባ ተነስቶ ለቀረው ሕዝብ ያሰላል። የአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ውስጥ በመስከረም 2004 ተጀመረ። መዝጋቢዎቹ ታማሚ እስኪመጣ ቁጭ ብለው አይጠብቁም፣ በየሆስፒታሉ፣ በየግል ክሊኒኩና በየላቦራቶሪው እየዞሩ ይገለብጣሉ፣ የከተማው ነዋሪ ከሆነ ይጽፉታል፣ ለሕክምና ከክፍለ ሀገር የመጣ ከሆነ ግን ለከተማው አይቆጠርም። እዛ ከተመዘገቡት ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ጡት ይቀድማል፣ የማህፀን በር ይከተላል።

እኔ ለዓመታት ካርድ ክፍል ሠርቻለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር። ዕድሜ ስትጠይቂ 50 ይሉሻል፣ 60 ይሉሻል። 53 የሚል ሰው ብርቅ ነው። አንዷን ሴትዮ በጥቅምት ፋጡማ፣ በጥር ፋጢማ፣ በሚያዝያ ፋጡመ ብለን ሦስት ካርድ እናወጣላታለን። የአያት ስም ካልተሞላ ደግሞ አለቀ፣ አንዷ ሴት ሦስት ታማሚ ሆነች ማለት ነው። አድራሻማ ከሁሉም ይብሳል። ከገጠር የመጣ ሁሉ ያረፈበትን ዘመድ ቤት ነው የሚያስጽፈው።

አራት ሰው ላልሽው፣ ከስንት ሰው? ስንት ዓመታቸው ነው? ለገሀሬ አካባቢ የምድር ባቡር ጡረተኛ የሞላበት ሰፈርና ወጣት ባለትዳር የሞላበት ኮንዶሚኒየም እንዲሁ አይወዳደሩም፣ ካንሰር በአብዛኛው ከዕድሜ ጋር ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ ዕድሜውን አስተካክለው የሚያወዳድሩት፣ ሁለቱም ሰፈር እኩል ሽማግሌና እኩል ልጅ ቢኖረው ኖሮ ስንት ይታመም ነበር ብለው። ለዛ ደግሞ በየዕድሜው ስንት ሰው እንዳለ መታወቅ አለበት። የመጨረሻው ሕዝብ ቆጠራ የ1999 ነው። ያኔ ድሬ 341,834 ሰው ነበራት። አሁን ሳቢያንን ብቻ አይተሽ ፍረጂ። ከላይ የታማሚው ቁጥር ግምት፣ ከታች የነዋሪው ቁጥር ግምት፣ እሱን አካፍለሽ ጨመረ ቀነሰ ማለት ይከብዳል።

የጀጎል ልጅ፦
እኛ ሐረር ጋ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። ሕይወት ፋና ሆስፒታል ካንሰር ስለሚታከም ከምሥራቅ ሐረርጌም ከሶማሌ ክልልም ሰው ይመጣል። በሆስፒታሉ በር ከተቆጠረ፣ በ1999 ቆጠራ 183,415 ሰው የነበረው ክልል በካንሰር አገሩን ሊመራ ነው።

የማይመጣውስ? አባቴ የአፎቻ፣ የሐረሪዎች እድር ማለት ነው፣ ጸሐፊ ነበሩ። ደብተራቸውን አገላብጬ አይቻለሁ። ሟቹ ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሞተ፣ ለቀብር ስንት ብር እንደወጣ አለ። ምን ገደለው የሚል የለም። አንድ ገጽ ላይ ብቻ፣ ዳር ላይ፣ በእርሳስ "ሆዷን ታማ" ይላል። ቤቱ የሞተ ሰው በማንም ሪፖርት ውስጥ የለም።

አቦ ድሬ፦
እሺ ተቆጠርን እንበል። ቁጥር መድኃኒት ይገዛል?

ካርድ ክፍል፦
ይገዛል እንጂ። ስንት ሰው ኬሞ እንደሚፈልግ ካልታወቀ በምን ሂሳብ ይታዘዛል? ክትባቱንም አስበው። የማህፀን በር ካንሰር ክትባት በ2011 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። ምን ያህል እንደሠራ በደንብ የሚታየው እነሱ 30 እና 40 ሲሞላቸው ነው። ያኔ "ድሮ ስንት ነበር?" ተብሎ ሲጠየቅ ዛሬ የጻፈ ሰው ከሌለ ከምን ጋር ሊያነጻጽሩት ነው?

የሳቢያኗ፦
ይሄን ካነበብኩ ወዲህ አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። የአክስቴ ካርድ ላይ ሳቢያን ብዬ ያስሞላሁት እኔ ነኝ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ የከተማ አድራሻ ይሻላል አለኝ። ዕድሜዋንም "ወደ 60" አልኩት። ዛሬ ስጠይቃት የዚያድ ባሬ ጦር ሲመጣ የመጀመሪያ ልጇን አዝላ ነው የሸሸችው። እና ከአራቱ አንዷ የኛ ሰፈር ሰውም አይደለችም ማለት ነው። አሁን ማስተካከል ይቻላል?

ካርድ ክፍል፦
ይቻላል። ጦርነቱ 1969 ክረምት ላይ ነው፣ ያኔ 18 እንኳ ብትሆን ዛሬ 65 አልፋለች። የካርድ ቁጥሯን ይዘሽ ሂጂ። ጉርሱም ብለሽ ብቻ አታቁሚ፣ ቀበሌዋንም አስጽፊ፣ የአያቷንም ስም። ከስምንት ሰዓት በኋላ ይሻልሻል፣ ሰልፉ ይቀላል።