ገድሎ ማዳን የሚባል ነገር አለ እንዴ?

ግራ የገባው፦
አንዱ የገደለው ቀጭኔ አንገት ላይ ተደግፎ ጥርሱን ሲያገጥጥ የሚያሳይ ፎቶ አየሁ። ደሜ ፈላ። ከስር ሁሉም ይራገማል። እኔም ልጨምርበት ስል አንድ ሰው "ይሄ ሰውዬ የከፈለው ገንዘብ ነው የተረፉትን የሚያስጠብቃቸው" ብሎ ጽፎ አየሁና ቆምኩ። እውነት ነው? ለስጋ የሚያድን ይገባኛል፣ እኔም ስጋ እበላለሁ፤ ለቆዳና ለጭንቅላት ብሎ ባሕር ማቋረጥ ግን ምኑ ነው የሚጥመው? የምታውቁ አስረዱኝ፣ ስድብ በቃኝ።

ቆቅ፦
አለ። ሁሌ ይሠራል ማለት ግን አይደለም። ፓኪስታን ውስጥ ማርኮር የሚባል፣ ቀንዱ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ የተራራ ፍየል አለ። ያገሬው ሰው ለስጋ እየገደለ ሊጨርሰው ነበር። ከዚያ በዓመት ጥቂት የአደን ፈቃድ ለውጭ ሰዎች መሸጥ ተጀመረ። አንዱ ፈቃድ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይወጣል፣ 80 በመቶው የመንደሮቹ ነው። ትናንት ሲተኩስበት የነበረው እረኛ ዛሬ ይጠብቀዋል። ቁጥሩም አንሰራርቶ 2015 ላይ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የመጥፋት ስጋቱ ቀለል ተደርጎ ተመዘገበ። የናሚቢያ ጥቁር አውራሪስ ፈቃድ ደግሞ 2014 ላይ በጨረታ 350 ሺህ ዶላር ተሸጧል። የተመረጠው ጎረምሶቹን እየወጋ ያስቸገረ ሽማግሌ ወንድ ነው። ገዢው ግን የግድያ ዛቻ ዘነበበት።

አልዋጥልህ አለኝ፦
ቆቅ፣ ጥሩ ጥሩውን መርጠህ ነው ያመጣኸው። ሲሲልን ለምን ዘለልከው? 2015፣ ዚምባብዌ። አንበሳው ከሁዋንጌ ፓርክ በማማለያ ስጋ ተስቦ ወጣ፣ በቀስት ተወጋ፣ ለሰዓታት ሲያጣጥር ቆይቶ ተገደለ። አንገቱ ላይ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች መከታተያ ነበረበት። አዳኙ የጥርስ ሐኪም ነው፤ 50 ሺህ ዶላር ገደማ ከፈለ ተባለ፣ ወረቀቱ የተሟላ ነው ተብሎም ሳይከሰስ ቀረ። ደግሞ አንበሳ እንደ ፍየሉ አይደለም። አውራው ሲሞት መንጋውን የሚወርሰው ወንድ ግልገሎቹን ይፈጃል። አንዷ ጥይት ስንት ሬሳ እንደሆነች ቁጠር። ደቡብ አፍሪካማ ባሰ፤ አጥር ውስጥ ተወልዶ በሰው እጅ ያደገ፣ ሰው ሲያይ ምግብ መጣልኝ የሚል አንበሳ ይተኮስበታል። ድሮ ግዳይ የጣለ የሚፎክረው እሱም ሊበላ ይችል ስለነበር ነው፣ ይሄ ምን ይባላል?

ጉጉት፦
ሲሲል ስም ስለነበረው ነው የተለቀሰለት። እዚያው ዚምባብዌ ብዙ ሰው "የትኛው አንበሳ?" ነበር ያለው። ማታ ማታ ዝሆን ማሳውን የሚያወድምበት ገበሬና ዝሆንን በስልኩ የሚያይ ሰው አንድ እንስሳ አይደለም የሚታያቸው። 2024 ላይ ጀርመን ከአደን የሚመጣውን ቀንድና ቆዳ ወደ አገሯ ማስገባት ላይ ሕጉን ላጥብቅ ስትል፣ የቦትስዋናው ፕሬዝዳንት ማሲሲ 20 ሺህ ዝሆን ልላክላችሁና እስኪ አብራችሁ ኑሩ አሉ። ሳቄ መጣ፣ ግን እውነታቸውን ነው።

አልዋጥልህ አለኝ፦
እውነታቸውን ነው እንበል። ገንዘቡ ገበሬው እጅ ይገባል ወይ?

ቆቅ፦
እሱ ላይ አልከራከርህም። ብዙ ቦታ አዘጋጁ ድርጅትና ባለሥልጣኑ ይቀራመቱትና መንደሩ ፍርፋሪ ነው የሚደርሰው። እዚያ ይከልከል ብትለኝ ቀድሜ እፈርማለሁ። ግን ኬንያን እይ። 1977 ላይ አደን ከለከለች፣ ከዚያ ወዲህ የዱር እንስሳቷ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የጎዳቸው ባለፈቃድ አዳኝ አልነበረም፤ እርሻው፣ አጥሩ፣ ከብቱ፣ የድብቅ አደኑም ነው። ጎብኚ መንገድ በሌለበትና ቆላ ዝንብ በሞላው ቁጥቋጦ ውስጥ ፎቶ ሊያነሳ አይመጣም፣ አዳኝ ግን ይመጣል። እሱን ካስቀረኸው መሬቱን በምን ታስጠብቀዋለህ? መልስ ካለህ ከልቤ እሰማለሁ።

አልዋጥልህ አለኝ፦
የለኝም። አሁንም ግን አልዋጥልህ ብሎኛል።

ግራ የገባው፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ማርኮሩ አሳምኖኛል፣ አንበሳው አላሳመነኝም። ያ ቀጭኔ ላይ የተደገፈው ሰውዬ ግን... እሺ ይክፈል፣ እሺ ይግደል፣ ጥርሱን ማግጠጡም ፈቃዱ ላይ ተጽፏል?

ጉጉት፦
የከፈለው ለፉከራው አይደል እንዴ።