ያለፍላጎት ስራ አጥነትን የኢኮኖሚክስ ሞዴል ውስጥ እንዴት ላስገባው?

ሰላም ወገን፣ ደሴ ነኝ፣ የመመረቂያ ጽሁፌ (ቴሲሴ) የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የሰራተኛ ገበያ ላይ ነው። ግለሰቡ ፍጆታና እረፍቱን መዝኖ የስራ ሰአቱን ራሱ ይመርጣል ካልኩ በገበያው ደሞዝ ስራ ያጣ ሰው ከነጭራሹ አይኖርም፣ ሁሉም ፈልጎ የተቀመጠ ይሆናል። ታዲያ በዛው ደሞዝ ልግባ ብሎ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ላይ ተሰልፎ የሚመለሰውን ልጅ እንዴት ፈልጎ ነው እላለሁ? የኢኮኖሚስቶቹን የሻፒሮና ስቲግሊትዝን የ1984 ሞዴል አይቸዋለሁ፣ አሰሪው ሰራተኛው እንዳይለግም ደሞዙን ከፍ ስለሚያደርግ ስራ ፈላጊ ይተርፋል፣ ይሄ ገብቶኛል፣ ግን እዛ ሰአት የሚመርጥ የለም፣ ወይ ይሰራል ወይ አይሰራም። እኔ ደሞ ሁለቱንም፣ የሰአት ምርጫውንም ያለፍላጎት ስራ አጥነቱንም፣ ነው የምፈልገው። የሰአት ጣሪያ እንደ ኮንስትሬይንት (ገደብ) አስገብቼ የስራ አቅርቦት እኩልታውን ልተወው ወይስ ሌላ መንገድ አለ? የሰራችሁበት ካላችሁ በናታችሁ ጠቁሙኝ