ሄርፒስ አለብኝ፤ እጮኛዬ እንዳይይዛት ምን ላድርግ?

ሰላም እህት ወንድሞች። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ባለፈው ዓመት የብልት ሄርፒስ እንዳለብኝ ተነገረኝ። እጮኛዬ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ሁለት ወር ቀርቷታል፤ እስካሁን አልነገርኳትም። ኮንዶም ብቻ ይበቃል?

— — —

ወንድሜ፣ እኔም አለብኝ፤ ስድስት ዓመቴ ነው። ባለቤቴን እስካሁን አልያዘውም።

ኮንዶም ይቀንሳል እንጂ ብቻውን አይበቃም፤ የማይሸፍነው ቆዳ አለ። ቫይረሱ ደግሞ ቁስል ሳይኖርም ከቆዳ ይወጣል። ስለዚህ ቫላሳይክሎቪር የሚባል የቫይረሱን ክኒን 500 ሚሊግራም በቀን አንዴ እወስዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት አንዳቸው ብቻ ሄርፒስ ያለባቸውን 1484 ጥንዶች ለ8 ወር ተከታትለው ነበር፤ ክኒኑን ከሚወስዱት ሰዎች አጋሮች መካከል 1.9 ከመቶ፣ ከማይወስዱት ሰዎች አጋሮች መካከል ደግሞ 3.6 ከመቶ ተይዘዋል። በግማሽ ቀነሰ እንጂ ዜሮ አልሆነም። ለዚያ ነው ከኮንዶም ጋር የምንጠቀመው።

እኔ ሊወጣብኝ ሲል አንድ ቀን ቀድሞ ግራ ጭኔን ውርር ያደርገኛል። “ዛሬ አይሆንም” እለዋለሁ፣ እሱም አይጠይቀኝም። ቅርፊቱ ወድቆ ቆዳው እስኪድን ድረስ በኮንዶምም ቢሆን የለም።

ግን ይሄ ሁሉ የሚሠራው እሷ ካወቀች ነው። ከመምጣቷ በፊት ንገራት፤ ቪዛዋን ይዛ ከአገሯ ከወጣች በኋላ ምርጫ አይኖራትም። እኔ የነገርኩት ቡና እያፈላሁ ነው። “አልማዝ ባለጭራ ነው?” አለኝ። አይደለም፣ ያ ሌላ ቫይረስ ነው። ይልቅ የቅርብ ዘመዱ ከንፈር ላይ ሲወጣ “ምች መታኝ” ብለን ዳማከሴ የምናሽበት ነው፤ እሱም በአፍ ወደ ብልት ይተላለፋል።

ስትመጣ እሷም ስለ ምርመራ ሐኪም ታነጋግር። በተለመደው የአባላዘር ምርመራ ውስጥ ሄርፒስ ብዙ ጊዜ ስለማይካተት በስሙ ጠይቁ። የደም ምርመራው አንዳንዴ ይሳሳታል፣ ውጤቱን አይታችሁ አትደንግጡ። እንግሊዝኛዋ ካልጠነከረ አስተርጓሚ ከሆስፒታሉ ጠይቁ፤ አንተ አታስተርጉምላት። የሰፈሩን ሰው ይዛችሁ ከሄዳችሁማ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል!

ልጅ ካሰባችሁ ደግሞ ያንተን ለማህፀን ሐኪሟ ንገሩ። በእርግዝናዋ መጨረሻ አካባቢ አዲስ ከያዛት ነው ለሕፃኑ በጣም አስጊ የሚሆነው።

— — —

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁሌ ክረምት ላይ ምች ይመታኛል፤ ይሄንንም አብሬ እነግራታለሁ። ቅዳሜ ሥራ አትገባም፣ ያኔ እደውላለሁ።