ትልልቆቹ አልበሞች ሲሠሩ መቼ ነው «በቃ» የተባለው?

የሌሊት ጊታር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ብቻዬን ማታ ማታ ዘፈን እሠራለሁ። ከስምንት ወር በፊት አንድ ዜማ በስልኬ ቀድቼ ነበር፤ ጊታርና ድምፅ ብቻ፣ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጬ። ከዚያ «በደንብ ልሥራው» ብዬ ጥሩ ማይክ ተውሼ አሥራ አንድ ጊዜ ደግሜ ቀረጽኩት። ድምፁ እየጠራ መጣ። ዘፈኑ ግን ከእጄ እየወጣ ሄደ። አሁን ሳዳምጠው የሌላ ሰው ሥራ ይመስለኛል።

ጥያቄዬ ስለ ማይክ አይደለም። ስማቸው እስካሁን የሚነሳ አልበሞች እንዴት እንደተሠሩ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። እነዚያ ሰዎች የትኛውን ቅጂ እንደሚያወጡ፣ የት ላይ እንደሚያቆሙ በምን አወቁ? የምር ጨንቆኛል።

ባለካሴት፦

ጥያቄህን እንዳነበብኩ ትዝ ያለኝ የአሜሪካዊው ዘፋኝ የብሩስ ስፕሪንግስቲን «ኔብራስካ» የተባለው አልበም ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 መጀመሪያ ላይ ነው፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ኮልትስ ኔክ በሚባል ቦታ ተከራይቶ በሚኖርበት ቤት፣ መኝታ ክፍሉ ውስጥ። መሣሪያው ቲያክ የሠራው ባለ አራት ትራክ፣ ማለትም አራት ድምፅ ለየብቻ የሚይዝ፣ የካሴት መቅጃ ነበር። ሁለት ማይክ። በቃ ይኼው ነው። እሱ ደግሞ አልበም እየሠራሁ ነው ብሎ አላሰበም። ባንዱ ዘፈኖቹን እንዲያጠናባቸው ብሎ ነው የቀዳቸው። ካሴቷን ሣጥን እንኳ ሳይኖራት ኪሱ ውስጥ ይዟት ሲዞር ከረመ።

ቀጥሎ ከራሱ ባንድ፣ ከኢ ስትሪት ባንድ ጋር ስቱዲዮ ገቡ። ባንዱ ጎበዝ ነው፣ ክፍሉም ዕቃውም የሚያስመኝ ነው። ግን አልሆነም። ዘፈኖቹ ስለ ገዳዮች፣ ሥራ ስላጡ፣ መውጫ ስለጠፋቸው ሰዎች ናቸው፤ ድራሙና ባሱ ሲገባ ያ ብቸኝነት ብን ብሎ ይጠፋል። ሞከሩ፣ ደገሙ፣ መጨረሻ ላይ ያችኑ የኪስ ካሴት ለማውጣት ወሰኑ። እሱም ቀላል አልነበረም። ድምፁ ዝቅ ብሎ የተቀዳ ስለነበር ከካሴቷ ወደ ሸክላ ማሻገሩ ብቻውን ባለሙያዎቹን አለፋቸው። አልበሙ የወጣው በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ያኔ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ከቀዳቸው አንዱ «ቦርን ኢን ዘ ዩ.ኤስ.ኤ.» ነበር። እሱን ባንዱ ሲነካው ነፍስ ዘራ፤ በ1984 ለወጣው አልበም ስም የሆነውም እሱ ነው። ያው ሰው፣ ያው ወንበር፣ ያው ካሴት፤ አንዱ ዘፈን ባንድ ፈለገ፣ ሌሎቹ አልፈለጉም። ስለዚህ እያንዳንዱን ለየብቻው ነው መስማት ያለብህ።

ሚክሰሯ፦

ባለካሴት ያለው ልክ ነው፣ እኔ ግን የመጀመሪያው ቅጂ ሁሌ ይበልጣል የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ሲያሰንፍ አይቻለሁ። የማይክል ጃክሰንን «ትሪለር» እዩት። «ቢሊ ጂን»ን የድምፅ መሐንዲሱ ብሩስ ስዌዲን 91 ጊዜ ሚክስ አድርጎታል፤ ለየብቻ የተቀዱትን ድምፆች እያመዛዘነ አንድ ላይ አዋህዷቸዋል ማለት ነው። ዘጠና አንድ! ከዚያ ፕሮዲዩሰሩ ኩዊንሲ ጆንስ እስኪ ወደ ኋላ ተመልሰን ሁለተኛውን እንስማ አለ፣ እና ዛሬ የምንሰማው ያ ሁለተኛው ሚክስ ነው።

ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ 89ኙ ሚክስ በከንቱ የፈሰሰ ላብ አድርጎ ነው። እኔ አይመስለኝም። እስከ 91 ድረስ ባይሄዱ ኖሮ ሁለተኛው ትክክል መሆኑን በምን ያውቁ ነበር? ደግሞ አለ ሌላ። አልበሙ አለቀ ተብሎ ለሸክላ የተዘጋጀውን ቅጂ ቁጭ ብለው ሲሰሙት ድምፁ ቀጥኖ፣ ጉልበቱ ጠፍቶ አገኙት። ምክንያቱ የሸክላ ጠባይ ነው፤ በአንድ ገጽ ላይ ብዙ ደቂቃ ስታጭቅ መስመሮቹ ይጠባሉ፣ ሲጠቡ ባሱም ድምቀቱም ይቀንሳል። የመውጫው ቀን ደርሷል፣ ኩባንያው እየጠበቀ ነው። እነሱ ግን አይወጣም አሉ። ዘፈኖቹን አሳጥረው አንድ በአንድ እንደገና ሚክስ አደረጉ። ለኔ «በቃ» ማለት የሚያምረው «ገና ነው» ለማለት ድፍረቱ ሲኖር ነው።

ለማንኛውም አሥራ አንዱንም እንዳታጠፋቸው።

የሸክላ ፍቅር፦

መደጋገም ቴፑን ራሱን ሲበላው ደግሞ ፍሊትውድ ማክ የተባለው ባንድ የሠራው «ሩመርስ» አልበም አለ። በ1976 ሳውሳሊቶ፣ ካሊፎርኒያ ነው የጀመሩት። ከባንዱ አባላት ሊንድዚ ባኪንግሃምና ስቲቪ ኒክስ እየተለያዩ፣ ጆንና ክሪስቲን መክቪ እየተፋቱ፣ ሚክ ፍሊትውድም ትዳሩ እየፈረሰ። ሊንድዚ ስለ ስቲቪ የጻፈውን ዘፈን ስቲቪ ራሷ ከኋላ ሆና ታጅበዋለች። እዚያ ክፍል ውስጥ መቆም ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

ወራት እየጨመሩበት፣ እያጠፉበት፣ እየመለሱ እየሰሙት ቴፑ አለቀ። የማግኔት ክር በማሽኑ ጭንቅላት ላይ ባለፈ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ይፋቃል፤ መጀመሪያ የሚሄደው የሲምባሉ፣ የድራሙ ናስ ሳህን፣ ጥራት ነው። ደግነቱ የመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች መጠባበቂያ ተቀምጦላቸው ነበር። አንድ ባለሙያ ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ፣ በአንድ ጆሮው አሮጌውን በሌላው መጠባበቂያውን እየሰማ፣ የማሽኑን ፍጥነት በእጁ እያስተካከለ ሁለቱን ገጠማቸው። ሰዓታት ፈጀ። በ1977 ወጣ፤ በአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ ለ31 ሳምንት አንደኛ ሆነ።

መጠባበቂያ ያዝ ወንድሜ፣ ምክሬ ይኼ ብቻ ነው።

ቀስተኛው፦

«ቡዌና ቪስታ ሶሻል ክለብ» የተባለውን የኩባ አልበም ማንም ሳያነሳ እንዳያልፍ። በ1996 ሃቫና ላይ የታሰበው ሌላ ነበር፤ የማሊና የኩባ ሙዚቀኞች አብረው ሊጫወቱ። የማሊዎቹ ሳይደርሱ ቀሩ። ስቱዲዮው ተከራይቷል። አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ራይ ኩደርና አብረውት የነበሩት በዕድሜ የገፉ የኩባ ሙዚቀኞችን ሰበሰቡ፣ ኢብራሂም ፌሬር ከዘፋኝነት ርቆ ጫማ እየጠረገ ይኖር ነበር፣ ፒያኒስቱ ሩበን ጎንዛሌዝ ቤቱ ፒያኖ አልነበረውም። በስድስት ቀን ቀዱት። እነሱ መቼ እናቁም ብለው የሚጨነቁበት ጊዜም አልነበራቸውም፤ ግን የስልሳ ዓመት ልምምድ ይዘው ነው የገቡት፣ ይህ አይረሳ።

የሌሊት ጊታር፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ትናንት ማታ የስልኩን ቅጂ ከፍቼ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። አዝማቹ ጋ ስደርስ ወንበሩ ሲጥ ሲል ይሰማል። ያቺን ድምፅ ለማጥፋት ነበር ይህ ሁሉ ጣጣ የተጀመረው። አሁን አልነካትም። ከአሥራ አንዱ ውስጥ ግን ስድስተኛው ላይ የጨመርኳት ሁለተኛ ጊታር ደስ ትለኛለች፣ እሷን ብቻ ከሥሩ አስገብቼ ልሞክር ነው። ሚክሰሯ፣ ሁለቱንም ብልክልሽ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳልነግርሽ ትሰሚልኛለሽ?